ስም አቃጣዩ

በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የትም ያልተቀረጸ ሰው ካለ፣ ወይ አልተመረቀም፣ ወይ አላገባም፣ ወይ ከመሥሪያ ቤቱ ገና አልተሸኘም። ድሮ ስጦታ ስጦታ ብቻ ነበር። ብርጭቆ የሰጠ ብርጭቆ ሰጠ፣ ብዕር የሰጠ ብዕር ሰጠ፤ ብርጭቆው ሲሰበርና ብዕሩ ሲደርቅ ውለታውም አብሮ ይረሳል። አሁን እንደዚያ ብሎ ነገር የለም። የቁልፍ መያዣው ላይ ስም፣ ፔርሙሱ ላይ ስም፣ የኪስ ቦርሳው ላይ ስም፣ የሠርጉ ብርጭቆ ላይ የሁለት ሰው ስም ከነልብ ሥዕሉ። ስም ሳይቀረጽበት በስጦታነት የሚገባ እኔ የማውቀው ሙክት ብቻ ነው።

የጡረታ ሽኝቱማ ለብቻው ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን መዝገብ ሲያገላብጥ ኖሮ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ኬክ ይቆረሳል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ከዚያ በቀይ ከፋይ ሣጥን የተቀመጠ ጣውላ ይበረከትለታል። ጣውላው ላይ «በሥራ ዘመንዎ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል ተቀርጿል። አስተዋጽኦው የሁሉም አንድ ነው፤ ሾፌሩም የላቀ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም የላቀ። ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም። የሰፈራችን ባለማሽን ኮምፒዩተሩ ላይ «ሽኝት» የሚል አንድ ፋይል እንዳለው፣ ሰው በተሸኘ ቁጥር ስሙን ብቻ እየቀየረ ወደ ማሽኑ እንደሚልከው በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ሱቁ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። በሩ ላይ «ማህተም፣ ቲተር፣ ዋንጫ፣ ሜዳሊያ፣ የሠርግ ካርድ፣ ፎቶ በእንጨት» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ግማሹን ቦታ ክዳን ያለው ትልቅ የብረት ሣጥን ይዞታል። ልጁ (የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ሰፈሩ ግን እስካሁን ልጁ ነው የሚለው) ክዳኑን ዘግቶ ቁልፉን ሲጫን፣ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የብረት ጭንቅላት በሐዲዷ ላይ ወዲያ ወዲህ መሮጥ ትጀምራለች። ከሥሯ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ዞር ሲል ፊደል ይታያል።

አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «መርፌው የታል?» መርፌ የለም። መሮም ቢላም የለም። ጭንቅላቷና እንጨቱ አይነካኩም፤ በመሀላቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ። የሚያቃጥለው ብርሃን ነው ሲባሉ ትልልቆቹ ሴቶች ያማትባሉ፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ቀጥሎ የሚመጣው «ያቺ ቀይ ነጥብ ናት አይደል የምታቃጥለው?» ነው። ቀይዋ ነጥብ ቅቤ እንኳን አታቀልጥም። ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ለማሳየት የተቀመጠች ደካማ መብራት ናት፤ ሥራውን የሚሠራው ጨረር በዓይን አይታይም። ምስጋናውን የምትወስደው ግን እሷ ናት። በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ስለሆነ ብዙም አልገረመኝም።

የማይታየው ጨረር የሚወለደው ከማሽኑ ጀርባ ነው። እዚያ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም የመስተዋት ቱቦ ተጋድሟል፤ ውስጡ ጋዝ ተሞልቶ ታሽጓል። ጋዙ ድብልቅ ነው፤ ዋነኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አዎ፣ ያው አምቦ ውሃ ስንከፍት አፍንጫችንን የሚኮረኩረን፣ ስንተነፍስም የምናስወጣው። ናይትሮጅንና ሂሊየም ተጨምረውበታል። በቱቦው ሁለት ጫፍ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሲለቀቅበት ውስጡ ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ናይትሮጅኑን ነው፤ ናይትሮጅኑ የተቀበለውን ጉልበት ተጋጭቶ ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያስረክባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ በብርሃን መልክ ያወጣዋል። ሂሊየሙ ጉልበቱን የጨረሰውን አረጋግቶ ለሚቀጥለው ዙር ያዘጋጃል። ሦስቱም ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ስብሰባ አይጠሩም።

ዋናው ምሥጢር ግን እዚህ ላይ ነው። አንዱ ብርሃን ጉልበት በያዘ ሌላ ሞለኪውል አጠገብ ሲያልፍ፣ ያኛውም መሰሉን እንዲለቅ ያደርገዋል፤ ያውም በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ በተመሳሳይ ሞገድ። ሁለት የነበሩት አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት። በቱቦው ጫፍና ጫፍ የተገጠሙት መስተዋቶች ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ እየመለሱ ያበዙታል፤ አንደኛው መስተዋት ከሚደርሰው ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ያመለጠችው ያቺ ትንሽ ናት ሌዘር የምትባለው። ይህ እንደሚሆን አልበርት አይንስታይን በወረቀት ላይ ያሳየው በፈረንጆቹ 1917 ነው፤ እኛ አገር ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት። ወረቀቱ ወደ ሥራ ለመግባት ከ40 ዓመት በላይ ወሰደበት። ቴዎዶር ሜይማን የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ ከሩቢ ድንጋይ የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በሜይ 16 ቀን 1960 ነበር። የእኛዎቹ በዚያው ዓመት የታኅሣሥ ግርግርን እያሰናዱ ነበር፤ ለሌዘር የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም። የፈረንጆቹ ሊቃውንትም ቢሆኑ ነገሩን ከሠሩት በኋላ ለምን እንደሚውል ግራ ገብቷቸው፣ መድኃኒቱ ተገኘ በሽታው ጠፋ እያሉ ይቀልዱ ነበር አሉ። ልጁ ሱቅ ውስጥ ያለውን ዓይነት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ያስገኘው ደግሞ ህንድ ተወልዶ አሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኩማር ፓቴል ነው፤ ዘመኑ 1964። እሱም ቢሆን ስለ ጡረታ ሽኝት ያሰበ አይመስለኝም።

ጨረሩ የማይታየው ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ነው፤ 10.6 ማይክሮሜትር። ዓይናችን ከ0.7 ማይክሮሜትር ካለፈ አያይም። ከዚህ የተነሳ የሚያስቅ ነገር አለ። የማሽኑ ክዳን ላይ ያለው ብርቱካናማ መስኮት ለእኛ ሁሉን ያሳያል፤ ለጨረሩ ግን ግድግዳ ነው፤ አንዲት ጭላንጭል አታልፍም። ተራ መስተዋትም እንደዚሁ። እኛ የምናይበትን እሱ አያልፍበትም፤ እሱን እኛ አናየውም። በዚህ ተከባብረን እንኖራለን።

ከቱቦው የወጣው ጨረር ሦስት ትንንሽ መስተዋቶች ላይ እያረፈ፣ ማዕዘን እየታጠፈ፣ ጭንቅላቷ ጋ ይደርሳል። እዚያ አንዲት ሌንስ አለች። ከሩቅ ሲያዩዋት የተበላ ከረሜላ የምትመስል፣ ቢጫ፣ ከ25 ሳንቲም የማትበልጥ። ተራ መስተዋት ጨረሩን ስለማያሳልፍ ከዚንክ ሴሌናይድ ነው የምትሠራው። ልጁ በየጠዋቱ በጥጥና በአልኮል ያብሳታል፤ ሲያብሳት አይናገርም፣ ቢያናግሩትም አይመልስም። ሌንሷ የምትሠራው ሥራ ግን ለማናችንም አዲስ አይደለም። ልጅ ሆነን የአባታችንን ማጉያ መነጽር ሰርቀን፣ ፀሐይ ላይ ይዘን፣ ደብተር ላይ ቀዳዳ ያላበጀን ማን አለ? ብርሃኑ ተሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ወረቀቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይጨሳል፣ ከዚያ እናት ትመጣለች። ማሽኑ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ እናት ብቻ ናት የሌለችው። ነጥቧ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስትሆን ነው ፊደሉ የሚያምረው፤ እንጨቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ነጥቧ ትሰፋና ፊደሉ ያበጠ ይመስላል። ስለዚህ ልጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ልኳን የሚያውቃት አንዲት የአክሪሊክ ቁራጭ በጭንቅላቷና በእንጨቱ መሀል ያስገባል። ቁራጯ ልክ ከገባች «ፎከስ ገብቷል» ይላል።

የቀረው የሞተር ጉዳይ ነው። አንዱ ሞተር ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ፣ ሌላው ድልድዩን ፊትና ኋላ ይወስዳል። አንድ ሙሉ ዙራቸው 200 እርምጃ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ይህን ያህል እርምጃ ሂዱ ይላቸዋል፣ ይሄዳሉ፤ ለምን አይሉም። ስም ሲሆን ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ፎቶ ሲሆን ግን ቡና አስፈልቶ መቀመጥ ነው። 10 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ፎቶ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ሲካፈል 1,000 መስመር ይወጣዋል። ጭንቅላቷ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዳ አንዱን፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመልሳ ሌላውን ትጽፋለች፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጨረሩ ብዙ መቶ ጊዜ ይበራል ይጠፋል። እንጨት ላይ ግራጫ ቀለም ስለሌለ፣ ጥላ የሚሆነው ቦታ ላይ ነጥቦቹ ይጠጋጋሉ፣ ብርሃን ሲሆን ይራራቃሉ። የቆየ ጋዜጣ ላይ ያለ ፎቶ ዓይኑ ድረስ ያስጠጋ ሰው ይህን ያውቃል።

የአያታቸውን ፎቶ ያስቀረጹ ሰዎች ታድያ ከማሽኑ አጠገብ አይጠፉም። አያትየው ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ጥምጥማቸው፣ ቀጥሎ ግንባራቸው፣ ቅንድባቸው። ዓይናቸው ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ «ወይኔ፣ ቁርጥ እሳቸው!» ይባላል፤ ጢማቸው ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል።

መብራት ሲሄድ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል። መብራት ሲመጣ ወደ ጥግ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። ልጁ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ እንጨቱን ማንም እንዳይነካው መጠበቅ። የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ አያትየው ሁለት ጢም ይኖራቸዋል። ክዳኑን ቆልፎ ደረጃው ላይ ቁጭ ይላል፤ «ላየው» የሚለውን ሁሉ ይመልሳል። የልጅ ልጆቻቸውም አብረው ቁጭ ይላሉ። ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ድሉን በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ያስቀረጸበት ድንጋይ ከ1,600 ዓመት በላይ ቆሞ የሚነበበው ጠራቢዎቹ ጎበዞች ስለነበሩ ነው፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ የሚሄድ መብራት አልነበረባቸውም፤ እሱም ይቆጠርልን።

መብራቱ ሳይሄድም ሌላ ጣጣ አለ፤ ቱቦው ይሞቃል። በመስተዋቱ ዙሪያ ውሃ ካልዞረለት ይሰነጠቃል፤ ቱቦ ተሰነጠቀ ማለት ደግሞ የወራት ገቢ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ባለ ገንዘቦቹ የማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛሉ። ልጁ ጠረጴዛው ሥር ባልዲ አለው፤ ባልዲው ውስጥ ትንሽ ፓምፕ፤ ቀትር ላይ ሲሆን ደግሞ ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ የሠራ ሃይላንድ አምጥቶ ይነክርበታል። አይንስታይን፣ ሜይማንና ፓቴል የደከሙበት ነገር መጨረሻው ላይ በአንድ ሃይላንድ በረዶ ቆሞ ይሄዳል። የፍሪጁ ባለቤት ባለ ሻይ ቤቷ ናት፤ በለውጡ የሻይ ቤቱን የዋጋ ዝርዝር በነጻ ቀርጾላታል። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር አዲስ ይፈልጋል፤ እሷ ናት የተጠቀመችው።

ማሽኑ ሁሉን አይበላም። እንጨት ይወዳል፤ ዋንዛ ላይ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ጽድ ሲቀረጽ ሱቁ በመልካም መዓዛ ይሞላል። ኮምፔንሳቶ ላይ ሙጫው እንደ ዕድል ነው፤ አንዱ ፊደል ይጠቁራል፣ አጠገቡ ያለው ይገረጣል። ቆዳ ሲሆን ደግሞ የፋሲካ ዋዜማ የበግ ጭንቅላት የሚለበልቡት ልጆች ደጃፍ ያለፉ ይመስልዎታል። አንድ ጊዜ ጾም ላይ ቀበቶ ሲቀረጽ አንዲት እናት አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ይሄ ያስገድፋል» ብለው ወጥተዋል። ብረት ግን አይሆንለትም፤ ይህ ጨረር ብረት ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ተመልሶ ይሄዳል። ፔርሙስና ብዕር ላይ የሚጽፈው ሌላ ማሽን ነው፤ ፋይበር ይሉታል፤ የሞገዱ ርዝመት አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ብረቱ ይቀበለዋል። ያኛው ጭንቅላቱ አይሮጥም፤ በውስጡ ሁለት ትንንሽ መስተዋቶች ይወዛወዙና ስምዎን በዓይን ጥቅሻ ጽፎት ያርፋል። ደንበኛው በዚህ አይደሰትም። ገንዘብ ከፍሎ ትንሽ መጠበቅ ይፈልጋል።

ፈጽሞ የማይቀረጽ ደግሞ አለ። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ውስጡ ክሎሪን አለበት፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባም ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ያዝጋል። ብዙው አርቴፊሻል ቆዳ ከዚሁ ነው። ልጁ ቦርሳ ይዞ ለመጣ ሰው «ይሄ እውነተኛ ቆዳ አይደለም» ሲል የሚፈጠረውን ጠብ ማየት ነው። ሰውዬው የተቀበለው ከፍቅረኛው ነው፤ ውድ ነው ብላዋለች። ልጁ ስለ ክሎሪን ይናገራል፣ ሰውዬው ስለ ፍቅር።

ጥቁር እምነ በረድ ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። እንጨት ሲቃጠል ይጠቁራል፤ ጥቁር ድንጋይ ጨረሩ ሲያርፍበት ግን ይነጣል። ስለዚህ ለሐውልት የሚሆን ፎቶ መገልበጥ አለበት፤ እንጨት ላይ ጥላውን እንደሚያቃጥሉት፣ ድንጋይ ላይ ብርሃኑን ማቃጠል። ይህን የረሳ ሌላ ሠፈር ያለ ባለማሽን ለአንድ ቤተሰብ ያስረከበውን አይቻለሁ። ሟቹ ጥቁር ጋቢ ለብሰው፣ ጢማቸው ጠቁሮ፣ ፊታቸው ነጭ ሆኖ፣ የዓይናቸው ብሌን ይበራል። ልጆቻቸው ደንግጠው ቆሙ። ባለቤታቸው ግን ቀረብ ብለው አዩና፣ «ሲቆጡ እንዲህ ነበሩ» አሉ።

የሱቁ እንጀራ ግን ፎቶም ሐውልትም አይደለም፤ ማህተም ነው። ክብ ማህተም፣ ባለ ስምና ማዕረግ ቲተር፣ «ተከፍሏል»፣ «ገቢ ሆኗል»፣ «ሚስጥር»። ማህተም ለማሠራት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ልጁ ያለ ደብዳቤ አይነካም፣ ደግ አደረገ። ችግሩ ደብዳቤው ራሱ ማህተም ያለበት መሆን ስላለበት ነው። አንድ አዲስ የተቋቋመ ማኅበር ሊቀመንበር ከነጸሐፊያቸው መጥተው፣ «እኛ እኮ የመጣነው ስለሌለን ነው» ብለው ደረጃው ላይ ግማሽ ቀን ተከራክረዋል። በመጨረሻ ፈቃድ የሰጣቸው መሥሪያ ቤት በራሱ ማህተም የማህተም ማሠሪያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። የመጀመሪያውን ማህተም ማን በማን ደብዳቤ እንዳሠራው የሚያውቅ የታሪክ ሊቅ ካለ ልጁ ሊያገኘው ይፈልጋል።

ማህተም ሲሠራ ማሽኑ ፊደሉን አያቃጥልም፤ ፊደል ያልሆነውን ነው የሚያቃጥለው። ጎማው ላይ በፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ሁሉ ተልጦ፣ ተንኖ፣ አመድ ሆኖ ይሄድና ፊደሎቹ ብቻ ከፍ ብለው ይቀራሉ፤ ያውም ተገልብጠው፣ ወረቀት ላይ ሲያርፉ እንዲቃኑ። ሥራቸው ሰፋ፣ አናታቸው ጠበብ እንዲል ይደረጋል፤ ቀጥ ብለው ከቆሙ ማህተሙን በኃይል የሚመታ ጸሐፊ ሲያጋጥማቸው ይወድቃሉ። የእኛን አገር ጸሐፊዎች አመታት ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። ልጁ ከብዛቱ የተነሳ የተገለበጠ አማርኛ ከቀናው እኩል ያነባል። የጎማው ሽታ ግን አይለመድም፤ ማራገቢያው ጭሱን በቱቦ አድርጎ ወደ ጓሮ ይተፋዋል፣ ጓሮ ያሉት ደግሞ ወደ ልጁ ስድባቸውን ይልካሉ።

ሲያልቅ ጎማው በጥላሸት ተሸፍኖ ይወጣል። ልጁ የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይነክረውና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፍገዋል፤ በቁምጣው ጠረግ አድርጎ፣ እጀታ ላይ ለጥፎ፣ ጥራጊ ወረቀት ላይ ደቅ ያደርገዋል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይሄው በጥርስ ብሩሽ ሲታሽ ያየሁት ጎማ ነገ ጠዋት ካዝና ውስጥ ይገባል። እኔም ቁጥሬን ይዤ ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። «ኃላፊው የሉም፣ ማህተሙ ተቆልፎበታል» እባላለሁ። ቁምጣ ላይ ሲጠረግ አይቼዋለሁ ብል ማን ያምነኛል?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ማሽን፣ ይህ ሁሉ ጋዝና መስተዋት፣ አንድ የማይችለው ነገር አለ፤ አያርምም። «አስተዋጽኦ» ቢሉት «አስተዋጽኦ»፣ «አስተዋጾ» ቢሉት «አስተዋጾ»፣ ሁለቱንም በእኩል ጥልቀት፣ በእኩል ውበት ያቃጥላል። የድሮ ቁም ጸሐፊ ቢሆን ብራናውን ይፍቅ ነበር፤ እዚህ መፋቅ የለም። ልጁ ለዚህ ብሎ ግድግዳው ላይ «ከመቀረጹ በፊት አንብበው ይፈርሙ» የሚል ለጥፏል። ሰው ይፈርማል፤ አያነብም።

ከሁሉ የከፋው ግን ፊደል ሣጥን ሲሆን ነው። ደንበኛው ጽሑፉን በአንድ ፎንት ጽፎ በፍላሽ ያመጣል፤ ያ ፎንት ልጁ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ ግዕዙ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቆማል። የሚያውቅ ሰው ጽሑፉን ከርቭ አድርጎ ያመጣዋል፣ ማለትም ፊደልነቱን አስረስቶ ሥዕል ያደርገዋል። የማያውቅ ደግሞ አለ። አንድ የእግር ኳስ ውድድር ላይ፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ዋንጫ ሲሰጥ፣ አንበሉ ከፍ አድርጎ ስሞ አየን። ቀረብ ብዬ ሳነበው ሥሩ ላይ በሰልፍ የተደረደሩ ዘጠኝ ሣጥኖች፣ ከዚያ «2015»፣ ከዚያ አራት ሣጥኖች ነበሩበት። ማንም ቅር አላለውም። ያሸነፉት ያውቁታል።

ስም ሲሆን ደግሞ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ዓለምፀሐይ የሚባል ስም ለእንዲህ ያለ ሱቅ ፈተና ነው። በዓይኑ ዐ ነው በአልፋው አ? በፀሐዩ ፀ ነው በጸሎቱ ጸ? በሐመሩ ሐ ነው በሃሌታው ሀ? መታወቂያው አንድ ይላል፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ፣ የክርስትና ካርዷ ሦስተኛ። አንድ የሠርግ ጣውላ ላይ የሙሽሪት እናትና የሙሽራው አክስት በዚህ ተያይዘው ልጁ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ምሳውን በላ። ፊደሉ ሲስማማ ቀኑ መጣ። ወጪውን የከፈለው ሜሪላንድ ያለው ወንድም ነው፤ በስልክ ሆኖ ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ እዚህ ላሉት ጓደኞቼ ማሳየት እፈልጋለሁ ይላል። እናት ስልኩን ተቀብለው፣ «እኔ ልጄን በፈረንጅ አልዳርኩም!» ብለው ዘጉት። በሽምግልና ሁለቱም ቀኖች ገቡ። ጥር ወር ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች በስምንት ዓመት ስለሚራራቁ፣ ጣውላውን ላላወቀ ሰው ባልና ሚስቱ ተፋትተው እንደገና የተጋቡ ይመስላል።

ዋጋ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የሚከፍለው በፊደል ቁጥር ይመስለዋል። በፊደል አይደለም፤ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜና በዕቃው ስፋት ነው፤ ቱቦው በሰዓት የተቆጠረ ዕድሜ ስላለው፣ በበራ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየሞተ ነው። ይህን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። «ምንም ሳይነካው እኮ ነው የሠራው» ይላል ደንበኛው፤ ያልነካው ነገር ሊያስከፍል እንደማይገባ ሁሉ።

ባለፈው አንድ ጎልማሳ የጠረጴዛ ስም ሊያሠሩ መጡ። አዲስ ሹመት ነው፤ ፊታቸው ያበራል። በወረቀት የጻፉትን ልጁ ኮምፒዩተሩ ላይ ገለበጠው፤ ሁለት ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከሥር የሥራ መደብ። አክሪሊኩ ሁለት ስንዝር እንኳን አይሞላም፤ ፊደሉ አነሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከበር ላይ አይነበብም» አላቸው። «አንድ ነገር እንቀንስ።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። «አያቴን አውጣቸው» አሉ።

አያትየው ወጡ። ፊደሉ ትንሽ አደገ፤ አሁንም አልበቃም። ልጁ ዝም ብሎ ጠበቀ። ከኋላ ደረጃው ላይ ተራ የምንጠብቀውም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን።

«በቃ፣ አባቴም ይውጡ።»

«ከሁለቱ ማዕረግ አንዱን ብናወጣስ፣ ጋሼ? አባትዎ እንዲቀሩ።»

«ማዕረጉን እንዳትነካብኝ!» አሉ መነጽራቸውን እያጠፉ። «እሱን በስንት መከራ ነው ያገኘሁት፤ አባት እንደሆነ ማንም አለው።»